ቲዎሪና የጆሮዎች ረድፍ

ቲዎሪ ይሉታል፤ እሱም አይጠላውም። ሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ ያለ ቅጽል ስም ሲለጠፍበት ያፍራል፣ ወይም ይጣላል። እሱ ግን መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ «ቲዎሪ መጣ፣ ወንበር ልቀቁለት» ሲባል ደረቱን ይነፋና ላፕቶፑን ጠረጴዛው መሃል ላይ ይጎልተዋል። እየቀለዱበት መሆኑን አያውቅም። ማወቅ ደግሞ የሱ ሥራ አይደለም፤ የሱ ሥራ ስለ ማወቅ ማውራት ነው።

መምህርነትን ወዶ አልገባበትም። ሐሳቡ ባንክ ቤት ከመስታወት ጀርባ መቀመጥ ነበር፣ አልሆነለትም። እስኪያልፍ ብሎ የገባበት ማስተማር ሳያልፍ ቀረ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፍሉ ገበያ ነበር፤ ልጆቹ ከኋላው ይዘፍናሉ፣ የወረቀት ጥይት ይተኩሱበታል፣ እሱ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ለራሱ ይጽፋል። ርዕሰ መምህሩ ሊያባርረው ምንም አልቀረውም። ታዲያ አንድ ጊዜ ሌላ መምህር ታመመና በምትኩ እሱ ስልጠና ተላከ። የሆቴል አዳራሽ፣ ብስኩት፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ባጅ። እዚያ ተቀምጦ ከሰማው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ጆሮው ውስጥ ቀረ፦ ልጆቹ ያልገባቸው እሱ ስለማይችል ሳይሆን ዘዴው ኋላ ቀር ስለሆነ ነው። ሰነፍ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን የምሥራች ይፈልጋል?

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! መጀመሪያ የያዘው የሽልማቱን ዘዴ ነበር። የመለሰ ከረሜላ ያገኛል፣ ያልመለሰ ምራቁን ይውጣል። ብዙም ሳይቆይ ልጆቹ ከረሜላ ካላዩ ስማቸውንም አንናገርም አሉ፤ አንዱ ጭራሽ «ቲቸር፣ ባለ ከረሜላው ጥያቄ የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀው። ያንን ጣለና «ተማሪ ዕውቀቱን የሚገነባው ራሱ ነው» የሚለውን አመጣ። ግሩም አባባል ነው፣ ለሚገባው። እሱ የገባው ግን መምህር ጥያቄ አይመልስም ማለት ሆኖ ነው። «ቲቸር፣ ይሄ ቃል ምን ማለት ነው?» ሲሉት «አንተ ምን ትላለህ?» ይላል። «ቲቸር፣ ሽንት ቤት ልሂድ?» አንዲት ልጅ ስትለው «አንቺስ ምን ይመስልሻል?» አላት። ምስኪኗ መልሱን እስክትገነባ ወንበሯ ረጠበ።

እነዚህ ቲዎሪዎች በደህና ሰው እጅ ብዙ ልጅ ረድተዋል ይባላል፤ ይረዱም ይሆናል። አላዋቂ ሳሚ ግን ንፍጥ ይለቀልቃል።

እንዲህም ሆኖ ሰው ይንቅ ነበር። ከሁሉ አብልጦ የሚንቀው የሦስተኛ ክፍሏን አሮጊት መምህርት ነው፤ እትዬ ጠመኔ ይሏቸዋል። ከጠመኔ በቀር ሌላ መሣሪያ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። «ሙዚየም ናቸው» ይላል ቲዎሪ፣ እሳቸው እየሰሙት። እሳቸውም ቢሆኑ የሚሞገሱ አይደሉም። ዓመት በዓመት ያንኑ ትምህርት በዚያው ቃል ያስተምራሉ፣ ጆሮ ይቆነጥጣሉ፣ ልጅ ሲያለቅስ «ደግ አደረግኩ» ይላሉ።

የቲዎሪ አንድያ ልጅ ሦስተኛ ክፍልን የተማረችው እሳቸው ዘንድ ነው። ቤት ውስጥ ፌንጣ ነው የሚሏት፤ አንድ ቦታ አርፋ አትቀመጥም። ወሬኛም ነበረች። እትዬ ጠመኔ ወሬዋ ሲሰለቻቸው ለቅጣት ከሰሌዳው ሥር፣ የጠመኔው ብናኝ ከሚራገፍበት ወንበር ላይ ጎለቷትና ዓመቱን ሙሉ ረሷት። እዚያ ተቀምጣ፣ ጸጉሯ በብናኝ ነጥቶ፣ ማንበብ ቻለች። ቻለች ብቻ? ለፈለፈችው እንጂ! የመድኃኒት ካርቶን፣ የሳሙና መጠቅለያ፣ እናቷ ሱቅ ጨርቁ ላይ የተለጠፈውን ቁራጭ ወረቀት፣ እጇ የገባውን ሁሉ አፍንጫዋ ድረስ አቅርባ ታነበንበው ነበር።

ልጅቷ ሩቅ አይታያትም ነበር። ነገሩ ይኸው ነው፣ የሚደበቅ የለውም። ከክንድ አለፍ ያለው ሁሉ ለሷ ጭጋግ ነው። እሷ ደግሞ ለሰው ሁሉ እንደዚያ የሆነ ይመስላታል፤ የሌላ ሰው ዓይን ተውሳ አይታ አታውቅ። ማወቅ የነበረባቸው ትልልቆቹ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ማናቸውም አላወቁም። እትዬ ጠመኔ ሊቀጧት ብለው እንዳዳኗት አላወቁም። እናቷ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ አንድ ክር ቢሳሳ ከማዶ ትለያለች። ልጇ ቴሌቪዥን ሥር ስትለጠፍ ግን «ውስጡ ግቢ እንጂ! ምን ዓይነት ልጅ ናት በፈጣሪ!» እያለች በክንዷ ጎትታ ወደ ሶፋው ትመልሳት ነበር። ስለ አባትየው ምን ይባላል፤ እሱ የሚያየው ስክሪን ነው።

ፌንጣ አራተኛ ክፍል ገብታ የአባቷ ተማሪ በሆነችበት ዓመት ትምህርት ቤቱ ፕሮጀክተርና ታብሌት በስጦታ አገኘ። ርዕሰ መምህሩ ካርቶኖቹን ተደግፎ ፎቶ ተነሳ፤ ከፎቶ በኋላ ዕቃው ምን እንደሚሠራበት አልጠየቀም። ቲዎሪ ጠየቀ። አዲስ ቲዎሪም አዘጋጅቶ ጠበቀ፦ ልጅ ሁሉ ሲፈጠር ወይ በዓይኑ፣ ወይ በጆሮው፣ ወይ በእጁ ብቻ ነው የሚማረው፤ ዓይነቱን ለይቶ በዓይነቱ ማስተማር ነው። የሚያውቁ ሰዎች ይህን ነገር ከተዉት ሰንብተዋል። የተተወ ነገር ቲዎሪ ዘንድ ሲደርስ ግን ገና ትኩስ ነው።

አንድ ጠዋት ልጆቹን በቁመታቸው አስቀመጣቸው፣ መጋረጃውን ዘጋና ፈተናውን ጀመረ። ፌንጣ በዚያ ክረምት ተመዝዛ ስለነበር ከኋላ ደረሳት። ግድግዳው ላይ ሥዕሎች ተራ በተራ ያልፋሉ፣ ልጆቹ ያዩትን ታብሌታቸው ላይ ይነካሉ። ፌንጣ ግድግዳው ላይ ያየችው ብርሃን ብቻ ነው። ብርሃኑ ሲቀላ አንዱን ነካች፣ ሰማያዊ ሲሆን ሌላውን ነካች፣ ሲሰለቻት ሁሉንም ነካች። ቀጥሎ ስፒከሩ አጫጭር ታሪኮች ተናገረ፤ ከዚያ አንድም አልሳተችም። ታብሌቱ ጢው አለና ትልቅ የጆሮ ሥዕል አወጣ።

«ጆሮ!» አለ ቲዎሪ፣ አገር እንዳገኘ ሰው። «ንጹሕ ጆሮ! እንዲህ የጠራ ውጤት አይቼ አላውቅም!»

ልጆቹን በሦስት ከፈላቸው። ዓይኖች ማየት ስላለባቸው ከፊት ተቀመጡ። እጆች ቁሳቁስ ስለሚነኩ በመስኮቱ በኩል። ጆሮዎች ደግሞ ድምፅ የትም ይደርሳል ተብሎ ከኋላ፣ ግድግዳው ሥር ተደረደሩ፤ ለያንዳንዳቸውም የጆሮ ማዳመጫ ተሰጣቸው። ክፍሉን ሙሉ ፈልጎ ማየት የማትችለዋን ልጅ አገኘና ከሰሌዳው አርቆ አስቀመጣት። ይህን ለማድረግ ያልተማረ ሰው አይበቃም፤ ስልጠና ያስፈልጋል።

ፌንጣ መጀመሪያ አካባቢ ከጎረቤቷ ደብተር ልትገለብጥ ሞከረች። ቲዎሪ አይቷት እርሳሷን ወሰደባት። «ጆሮዎች አይገለብጡም፣ ያዳምጣሉ» አላት። አዳመጠች። ሂሳቡንም፣ ሳይንሱንም፣ የቋንቋውንም ትምህርት አዳመጠች። ደብተሯ ነጭ ሆኖ ቀረ። ቤት ስትገባ እናቷ መጽሐፍ ስትሰጣት «እኔ ጆሮ ነኝ» ብላ መልሳ ታስቀምጣለች። ወሬዋ ጠፋ፣ መዝለሏንም ተወች። ሰው ስሟን ሁለት ጊዜ ካልጠራ ቀና አትልም።

«ልጄ አምና ታነብ ነበር!» አለችው ሚስቱ አንድ ማታ፣ ከሱቅ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ። «ዘንድሮ ደብተሯ ባዶ ነው። ምን አድርገሃት ነው?»

«እኔ ምን አደርጋታለሁ? ሙያ ነው እኮ። አንቺ በሜትር ትለኪያለሽ፣ እኔ በዳታ እለካለሁ።»

«ዳታህን ብላው! ማንበብ አስረሳሃት እኮ ነው የምልህ።»

«አልረሳችም። አምና ሽምደዳ ነበር፤ እኚያ ሙዚየም ያለ ተፈጥሮዋ በግድ ግተዋት ነው። አሁን እውነተኛ ተፈጥሮዋ ወጣ። ደስ ሊልሽ ሲገባ ትጮሂያለሽ።»

«ተፈጥሮዋን እኔ አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ የወለድኳት!»

«መውለድና ማወቅ ይለያያል» አለና ላፕቶፑን ከፈተ። ሚስቱ ብዙ ጊዜ ቆማ አየችው። መልስ አጥታ ሳይሆን፣ ምናልባት የተማረ ሰው የሚያውቀው ነገር ይኖር ይሆን ብላ ነው ዝም ያለችው። ይሄ ነው የሚያናድደው፤ ስንቷ እናት እንዲህ ተብላ ዝም ብላለች።

ቲዎሪ በዚህ አላበቃም። ለጆሮዎች የተለየ ክፍል ይከፈት አለ። እዚያ መጽሐፍ አይኖርም፣ ሰሌዳ አይኖርም፣ ማዳመጫና ስፒከር ብቻ፤ አንዴ የገባ ልጅም አንደኛ ደረጃን እስኪጨርስ እዚያው ነው። የመጀመሪያዋ ገቢ የገዛ ልጁ ናት፤ እንዲያውም ለዕቅዱ ዋና ማስረጃው እሷው ነች። የትምህርት ቢሮ ሰዎች መጥተው ያያሉ፤ ከወደዱት ክፍሉ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ይከፈታል፣ ቲዎሪም ቢሮ ገብቶ በባለሙያነት ይቀመጣል ተባለ። ሚስቱ ይህን ስትሰማ እንቅልፍ አጣች። ልጇ ያለ መጽሐፍ እዚያ ክፍል ከገባች ማን ያወጣታል? ወላጆች ተጠርተው ነበርና ሱቋን ዘግታ እሷም ሄደች።

አዳራሹ የፕላስቲክ ወንበር ሞልቶበታል። የቢሮው ኃላፊ፣ ትልቅ የእጅ ሰዓት ያሰረ ሰው፣ ከፊት ተቀምጦ በየደቂቃው ሰዓቱን ያያል። ርዕሰ መምህሩ አጠገቡ ሆኖ ባልተጠየቀው ነገር ይስቃል። ቲዎሪ ኮት ለብሶ ከስክሪኑ ጎን ቆመና ስላይድ በስላይድ ላይ ይደርብ ጀመር፦ ክብ፣ ቀስት፣ ፒራሚድ፣ እንደገና ቀስት። የገባው ሰው አልነበረም፣ አልገባኝም ያለም አልነበረም። በመጨረሻ ልጁን ጠራትና አዳራሹ መሃል አቆማት። ማዳመጫ አደረገላት፤ የሰማችውን ቃል በቃል ደገመች። ተጨበጨበ።

«ጽሑፍ ስትሰጧት ግን ይህችው ልጅ ምንም አታውቅም» አለ ቲዎሪ በኩራት። አባት ልጁ ምንም አታውቅም ብሎ ሲኮራ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«እስቲ ታንብብ፣ እንይዋ» አለ ኃላፊው። ለማወቅ ጓጉቶ አይደለም፣ ምሳ ሰዓት ደርሶ ቶሎ እንዲያልቅለት ነው።

ቲዎሪ ፈገግ አለና ወደ ስክሪኑ አመለከተ። «ያንን መስመር አንብቢ።»

ፌንጣ ወደ ብርሃኑ ዞረች። ዓይኗን አጠበበች። ከዚያ ማንም ሂጂ ሳይላት ወደፊት መሄድ ጀመረች፤ የኃላፊውን ወንበር አለፈች፣ አባቷን አለፈች፣ የፕሮጀክተሩ ብርሃን ውስጥ ገባች። ፊደሎቹ ቀሚሷ ላይ ወጡ። አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ ሲደርስ ቆመችና በጎን በኩል እየተራመደች፣ ሳትደናቀፍ፣ በዚያ አምና በለመደችው ፍጥነት አነበበችው፦

«የጆሮ ተማሪ ጽሑፍ እንዲያነብ አይጠበቅበትም።»

ድንጋይም ቢሆን የሚገባው ነገር ነው። ቲዎሪ አፉን ከፍቶ ልጁን አየ፣ ስክሪኑን አየ፤ ለአፍታ አንድ ነገር ሊገባው የደረሰ መሰለ። አልገባውም። እጁን አጨበጨበ።

«አያችሁ? ልብ ብላችኋል? እየሄደች እኮ ነው ያነበበችው! ሰውነቷ ሲንቀሳቀስ ነው የሚገባት! ጆሮ ብቻ አይደለችም፣ እጅም ናት! ድርብ ናት!»

ርዕሰ መምህሩ ቀድሞ አጨበጨበ፣ እሱን አይተው ሌሎቹ ተከተሉ። «ጥልቅ ጥናት ነው» አለ ኃላፊው እየተነሳ። እትዬ ጠመኔ እንኳ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሆነው አጨበጨቡ፤ ጡረታቸው ቀርቧል፣ ነገር አይፈልጉም።

እናትየው ከኋላ በወንበሮቹ መሃል እየተጋፋች መጥታ ልጇ ፊት ቁጢጥ አለች።

«ልጄ፣ ለምንድን ነው እዚያ ድረስ የሄድሽው?»

«ከዚያ አይታይማ።»

«ታዲያ እነዚያ ልጆች ከዚያ ሆነው እንዴት ያነባሉ?»

«እነሱ ዓይኖች ናቸዋ!» አለች ፌንጣ፣ እናቷ ይህን አለማወቋ ገርሟት። «እኔ ጆሮ ነኝ።»

እናትየው እዚያው ቁጢጥ እንዳለች ቀረች። ከቴሌቪዥኑ ሥር በክንዷ ጎትታ ያነሳቻት ቀን ሁሉ አንድ ላይ መጣባት። ባሏን ከመስደቧ በፊት ራሷን ሰደበች። ከዚያ ተነሳች፤ የባሏ ተራ ደረሰ።

«አንተ ሰው፣ ልጅህ አይታያትም!»

«ቀስ በይ፣ እንግዶች አሉ» አለ ቲዎሪ ኮቱን እየጎተተ። «እናት ስለሆነች ነው» አለ ዞሮ ለኃላፊው። «ስሜታዊ ናት።»

«ነገ ጠዋት ዓይን ሐኪም ጋ እንሄዳለን። አንተም ትመጣለህ። ካልመጣህ ቢሮ ድረስ ሄጄ ነው የማወራው!»

የምትለውን እንደምታደርግ ስለሚያውቅ መጣ። ላፕቶፑንም ይዞ መጣ፤ ሐኪሟ ስለ ልጅቷ ዓይነት ማወቅ አለባት ብሎ ነው። ሐኪሟ ላፕቶፕ ለማየት ጊዜ አልነበራትም። ፌንጣን ከፍ ያለ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፣ ከባድ የብረት መነጽር አፍንጫዋ ላይ ጫነችና መስታወት እየቀያየረች ታስገባበት ጀመር። «አሁንስ? ይሄስ?» ፌንጣ ማዶ ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቁን ፊደል ጠራች። ቀጥሎ ያለውን ጠራች። ከዚያ ሐኪሟ ሳትጠይቃት እስከ ታች፣ እስከ ደቃቆቹ ድረስ ወረደችና ጨርሳ፣ በሩ ላይ የተለጠፈውን «አትጩኹ» የሚል ማስታወቂያ እየጮኸች አነበበች። ወንበሩ ላይ ትዘል ነበር። እናቷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች።

«ክፍል ውስጥ የት ነው የምትቀመጪው?» አለቻት ሐኪሟ።

«ኋላ፣ ግድግዳው ጋ።»

«እንዲህ ዓይን ይዘሽ? ማነው እዚያ ያስቀመጠሽ?»

«መምህሬ።»

የሐኪሟ ፊት ተለወጠ። «ምን ዓይነት ሰው ነው ይሄ መምህር? ዓመቱን ሙሉ ፊቱ ቁጭ ያለችን ልጅ ሳያይ! እንዲህ ያለውን ሰው ልጅ አምኖ መስጠት ወንጀል ነው።» ዞረች ወደ ቲዎሪ። «እርስዎስ፣ አባቷ አይደሉ? አንድ ቀን ሄደው ምነው ልጄን ብለው አልጠየቁትም?»

ሚስቱ እንባዋን ጠርጋ አየችው። ተራው የሱ ነው ብላ ጠበቀች። እዚህ ላይ አንድ ቃል በቂ ነበር። እኔ ነኝ ቢል፣ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ አንድ እውነት ያስተምር ነበር። ቲዎሪ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ላፕቶፑን ከአንዱ ብብቱ ወደ ሌላው አዛወረ፣ ዓይኑን በጨው አጠበና ራሱን ነቀነቀ።

«ምን ይደረግ ዶክተር» አለ። «የዛሬ መምህር ልጅ መች ያያል? ሄጄ አነጋግረዋለሁ።»

ፌንጣ ከነከባዱ መነጽሯ ወደሱ ዞረች። አባቷን ከክፍል ማዶ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው፤ ቅንድቡን፣ ጢሙን፣ ከንፈሩን፣ ሁሉንም ለየች። ፊቷ በደስታ በራ።

«አባዬ፣ መምህሬ እኮ አንተ ነህ!» አለች። «ውይ፣ ደግሞ አልቦሃል! ከዚህ ሆኜ ይታየኛል!»